ከዓመት ቀለብ ወደ ዕለት አስቤዛ
ስለ አዲስ አበባ ቤተ ሰቦች የምግብ ወጪና የቁጠባ ልማድ

የአዲስ አበባ እመቤት ለቤቷ የሚሆነውን ምግብ ልትሸምት ስትወጣ የምትናገረው ቃል «አስቤዛ» ነው። ቃሉ ከጣልያንኛው «ላ ስፔዛ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜውም ወጪ፣ በተለይም ለቤት የሚሆን የምግብ ግዥ ማለት ነው። በዚያው ቤት ግን ከዚህ እጅግ የቆየ ሌላ ቃል ይነገራል፤ ይኸውም «ቀለብ» የሚለው ነው። ቀለብ ቀድሞ ለወታደር፣ ለቤተ መንግሥት አገልጋይ፣ እንዲሁም በመንገድ ላለ እንግዳ በቁና ተሰፍሮ የሚሰጥ እህል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ዘመድ ለተቸገረ ዘመዱ እንዲሰጥ የሚገደድበትን መተዳደሪያ በዚሁ ስም ጠርቶታል። ሁለቱ ቃላት ለአንድ ነገር የተሰጡ ስሞች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ቀለብ የሚሰፈር ነው፣ አስቤዛ ግን የሚከፈል ነው። ቀለብ ዓመቱን ይመለከታል፤ አስቤዛ ወሩን፣ ብዙ ጊዜም ዕለቱን ብቻ። የከተማይቱ ቤተ ሰብ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር የቁጠባው ጥበብ አብሮት መሻገሩንና አለመሻገሩን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በደጋው ገበሬ ቤት ቁጠባ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜን ማወቅ ነበር። አዝመራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጭዶና ተወቅቶ ይገባል፤ እህልም በገበያ የሚረክሰው በዚሁ ወራት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን አሮጌው ያልቃል፣ አዲሱ ገና በማሳ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ይወጣል። ከውጭ ባለው ጎተራ የሚቀመጠውንና ከቤት ውስጥ ባለው ጎታ የሚገባውን፣ ለዘር የሚቀረውንና ለድግስ የሚወጣውን ለይታ የምትጠብቀው የቤቲቱ እመቤት ነበረች። ጤፍ ከሌላው እህል ሁሉ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ፍሬው እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በመሆኑም ብዙ ዓመት ተቀምጦ ይቈያል። በሐረር አካባቢ ማሽላ በጉድጓድ ይቀበራል። በጉራጌ አገር ደግሞ እንሰቱ ራሱ በሥሩ እንደ ቆመ ጎተራ ነው፤ ከተፋቀም በኋላ ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። በወጥ ቤቱም በኩል ሥጋው ቋንጣ፣ ቅቤው ንጥር፣ ያደረው እንጀራ ፍርፍር ወይም ድርቆሽ እየሆነ የሚጣል ነገር አልነበረም። ባልትና የሚባለው ሙያ ከጣዕም ጥበብነቱ ይልቅ የጊዜ ሒሳብነቱ ይበልጣል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ነዋሪዋ በአብዛኛው ሠራዊትና የቤተ መንግሥት ሰው ነበር፤ ይህ ሕዝብ ደግሞ የሚኖረው በቀለብ ነው። ብዙ ሳይቈይ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) ደረሰ፤ የከብቱ በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ስለሌለ አይታረስም፤ ስላልታረሰም ረኀብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በእጃቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው በሰፊው የታወቀ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወታደሩ በገባሩ ቤት እየተመራ ከመብላት እንዲታቀብ በማሰብ የአሥራት እህል እንዲሰበሰብ ተደነገገ፤ ይህም ቀለብን ከገባሩ ገበታ ወደ መንግሥት ጎተራ ያዛወረ ታላቅ ለውጥ ነበር። የቤተ መንግሥቱን የግብር ሥርዓት ለማወቅ ለሚሻ የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለለት። ለዚህ ጉዳይ የሚበቃው ግን፣ የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ሰው እህሉን በገንዘብ አይገዛም ነበር የሚለው ነጥብ ነው። ለጨው፣ ለበርበሬና ለቅመም የሚያስፈልገው ጥቂት ገንዘብም ቢሆን ራሱ አሞሌ ጨው ሊሆን ይችላል፤ አሞሌው ለመልስ ሲሸራረፍ ሽርፍራፊው ወጥ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡን ከምግቡ የሚለይ መስመር ገና በደንብ አልተሰመረም ነበር።

መስመሩን ያሰመረው የወር ደመወዝ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የሚባለውን ስፍራ መሠረቱ፤ ከነፃነት በኋላም የመሥሪያ ቤቱ ጸሓፊ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛይቱ በብር የሚከፈላቸው ሰዎች ሆኑ። ደመወዝ ያለው ሰው ከገበሬው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥር ወር ርካሹን ጤፍ አይቶ የዓመቱን ሊገዛ አይችልም፤ በእጁ ያለው የአንድ ወር ገንዘብ ብቻ ነውና። ርስት በአገር ቤት ያለው ወይም ባለ እርሻ ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ እህሉን እያስጫነ የቀድሞውን ኑሮ ለረጅም ጊዜ አቈይቷል። ይህ የሌለው በኩንታል ለመግዛት ይሞክራል፤ ያም ካልሆነለት በቁና፣ በላዳን፣ በመጨረሻም በጉሊት በጣሳ ይሸምታል። መስፈሪያው ባነሰ ቍጥር የእያንዳንዱ ፍሬ ዋጋ ይጨምራል። በጣሳ የምትሸምት ሴት ሻጯ ከላይ የምትጨምርላት «ምርቃት» ትንሽ እፎይታ ቢሰጣትም፣ በኩንታል ከገዛችው ጎረቤቷ ይልቅ ለአንዱ እንጀራ አብልጣ መክፈሏ አይቀርም። በዱቤ ከሱቅ የወሰደችውም እንዲሁ ነው። ከዚህ የተነሣ በከተማ እጅግ የሚቈጥበው ድኻው ሆኖ ሳለ፣ እጅግ የሚያባክነውም ሳይወድ እርሱ ሆነ።

ኤርንስት ኤንገል የተባለ የጀርመን የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1857 እ.ኤ.አ. የቤልጅግ ቤተ ሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ገቢ ባነሰ መጠን ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በኢትዮጵያም የኑሮ ውድነት መለኪያው ሲዘጋጅ ከቤተ ሰብ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለምግብ ተመድቧል። ኤንገል ግን ድርሻውን እንጂ ድርሻው በምን መስፈሪያ እንደሚገዛ አልመረመረም፤ የአዲስ አበባ ጉዳይ የሚያስረዳው ደግሞ ይህንኑ ነው።

የከተማው ሰው ጊዜን የመግዛት አቅም ሲያጣ የቀሩለት መሣሪያዎች ሁለት ነበሩ፤ እነርሱም የዘመን ቍጥሩና ማኅበሩ ናቸው። ስለ ጾም ብዙ ተብሏል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይታቀባል፤ ሑዳዴው ብቻ 55 ቀን ነው። አንዳንዶች ይህን የቁጠባ ሥርዓት አድርገው ሲጽፉ ይታያል። አባባሉ ከግማሽ በላይ አይሄድም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከጾመኛው ገበታ የቀረው ለድኻ እንዲሰጥ እንጂ በሳጥን እንዲቀመጥ አያዝም፤ የፋሲካውም ወጪ የጾሙን ትርፍ ባንድ ሳምንት ይውጠዋል። በእስላሙ ቤት ደግሞ የረመዳን ማፍጠሪያ በቴምሩ፣ በሾርባውና በሳምቡሳው ምክንያት የወሩን ወጪ ሊያበዛው ይችላል። ጾም የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሽሮን የክብር ምግብ ያደርገዋል። በረቡዕና በዓርብ ባለጸጋውም ድኻውም ሽሮ ስለሚበላ፣ ሽሮ መብላት የድኽነት ምልክት ሆኖ አይታይም። ይህ በገንዘብ የማይተመን ጥቅም ነው።

ማኅበሩን በተመለከተ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ቅርጫ ነው። ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለመስቀል ጎረቤታሞች ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። በበዓሉ ማለዳ ታርዶ ሲበለት ሥጋው በቅጠል ወይም በሸራ ላይ በእኩል መደብ ይከፋፈላል፤ አከፋፈሉም ከታላቁ ሥጋ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ እንዲደርስ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ዕጣው የሚጣልበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚቈርጠው ሰው የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ ለማንም ሊያዳላ አይችልም። ቆዳው ተሽጦ ገንዘቡ ለሁሉ ይቈጠራል። በገጠር ዋጋው እስከ አዝመራ ድረስ በዱቤ የሚቈይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በከተማ ግን አስቀድሞ ይዋጣል፤ ብዙዎችም ለዚሁ ብለው ከወራት በፊት ጀምረው ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ከሉካንዳ በኪሎ ከመግዛት ይረክሳል፤ ነገር ግን ርካሽነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጸና። በቅርጫ ውስጥ መደብ የሌለው ቤት በበዓል ቀን ለሁሉ የታወቀ ስለሚሆን፣ ጎረቤቶች ለአቅመ ደካማው ከየመደባቸው ቈንጥረው ይልካሉ። እቁብም በሌላ በኩል የጠፋውን የጥር ወር መልሶ የሚሰጥ ዘዴ ነው፤ ዕጣ የወጣላት ሴት በአንድ ቀን የምታገኘው ገንዘብ ኩንታል ጤፍ ወይም የዓመት በርበሬ ለመግዛት ይበቃታልና። የማረቆው በርበሬ ታጥቦ፣ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ የሚቀመጥበት ወራት ሲደርስ በብዙ ግቢ ውስጥ ሴቶች ተባብረው መሥራታቸው የዚሁ አካል ነው። በወጪ መዝገብ ላይ የማይጻፈው የእነዚህ ሴቶች ድካም ነው፤ የአዲስ አበባ ቁጠባ ሁሉ መሠረቱ በዚህ ላይ ነው።

ቁጠባ መልካም ፊት ብቻ የለውም። ሽምብራና አተር ሲወደድ ሽሮው በጓያ ይደባለቃል። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ርካሽና ጣዕም ያለው እህል ነው፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። በደምቢያና በፎገራ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል፤ ከተጎዱትም የሚበዙት ወጣት ወንዶች ነበሩ። በዚያ የጓያን ጠባይ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የበሉት ሌላ ስላልነበራቸው ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንግሥት ቀለብን ወደ ጥንቱ ሥርዓት ለመመለስ የሞከረ ይመስላል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ከዚያም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው ማኅበር በተወሰነ ዋጋ የገዛውን እህል ለቀበሌ ሱቅ እያከፋፈለ ቤተ ሰቡ በስሙና በቍጥሩ መጠን እንዲገዛ ሆነ። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ጤፉ በተራ ይሰፈራል። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ድርሻውም አይበቃም፤ ሆኖም ድኻው በጣሳ ሲሸምት ይከፍለው የነበረውን ተጨማሪ ዋጋ ሥርዓቱ አስቀርቶለታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሒሳቡን የከፈለው ግን ገበሬው ነው። ኮታው የሚገዛበት ዋጋ ከገበያው እጅግ የወረደ ስለ ነበር፣ ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳያልፍ በኬላ ይፈተሽ ነበር፤ ለዘመዱ ጥቂት ቁና ጤፍ ይዞ የሚመጣውም ሰው ከፍተሻው አያመልጥም። የኮታው ግዴታ በ1982 ዓ.ም. ሲነሣ የገበሬው ጎተራ ተፈታ፤ የከተማይቱ እመቤት ግን እንደገና ወደ ጣሳው ተመለሰች።

በ1998 ዓ.ም. ጤፍ በእህልነቱ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የእህል ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ መንግሥት ከውጭ ያስገባውን ስንዴ በድጎማ ለከተማው ነዋሪ አከፋፈለ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዘይትና ስኳር በማከፋፈል የቀበሌን ሱቅ ሥራ በከፊል ወርሰዋል። በየቤቱ የተደረገው ለውጥ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእንጀራው ላይ ይታያል። ነጩን ጤፍ በሠርገኛ መተካት የቆየ ልማድ ነው፤ ገብስ፣ ማሽላና በቆሎ መቀየጥም እንዲሁ። ሩዝ ግን አዲስ ነው። ሩዝ የተቀየጠበት እንጀራ ሲወጣ ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን የማኛ ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራልም። ስለዚህ እንጀራ በየሦስት በየአራት ቀኑ ትጋግር የነበረች ሴት ቶሎ ቶሎ መጋገር ወይም ከሱቅ በቍጥር መግዛት ግድ ሆነባት፤ ማገዶውና መብራቱም በሌላ በኩል ወጪ ሆኖ መጣ። በከተማይቱ ደቡብ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከቆሙት የእህል መጋዘኖች ነው፤ በአካባቢው በሚገኙት አዳዲስ ፎቅ ቤቶች ውስጥ ግን አንድ ኩንታል ጤፍ የሚያሳርፉበት ማእዘን የሌላቸው ብዙዎች ናቸው።