«ትሬስ» ወይስ ሰንበር?

በቀዝቃዛ ዘዴ ቤቷ ውስጥ ሳሙና የምትሠራ ጎረቤቴ «ትሬስ መጣ ብዬ ቅርጹ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ሲያድር ዘይቱ ተለይቶ ጠበቀኝ» ብላ ስታማርር ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። «ትሬስ» ሥሩ የላቲን ነው፤ መጎተት ማለት ነበር። ኋላ የተጎተተ ነገር ትቶት ለሚያልፈው ምልክት ዋለ። ሳሙና ሠሪዎች ዘንድ ደግሞ ዘይቱና ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ተዋሕደው ሲወፍሩ፣ ከማማሰያው የሚንጠባጠበው ውሁድ ቶሎ ሳይሰምጥ ላዩ ላይ መስመር ሠርቶ የሚቆይበት ደረጃ ነው። በአማርኛ «ዱካ» እንበለው? ዱካ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ይኼኛው ከፍ ይላል። «አሻራ»ም የጣት ነው። እኔ «ሰንበር» ብያለሁ፦ አለንጋ ገላ ላይ የሚያወጣው እብጥ ያለ መስመር። የጎረቤቴም ችግር ከዚሁ ስም ያገኛል፤ ዘይቷ ውስጥ የጨመረችው የሺአ ቅቤ ቀዝቅዞ ስለረጋ ብቻ የወፈረ፣ ሳይዋሐድ የተዋሐደ የሚመስል «የሐሰት ሰንበር» ነው። ሳይገለበጥ ከተነቃበት መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለዘብ አድርጎ ማሞቅና እንደገና መምታት። እውነተኛ ሰንበር ሳያወጣ ግን አይገልበጥ!