ቁጥር የተጻፈበት ወንበር፦ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የቤትና የቢሮ ዕቃ እንደ ታሪክ ማስረጃ



በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አንበሳውን የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው፤ ጊዜውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ሃያ አምስተኛ ዓመት የተከበረበት 1948 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ይኸው ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1969 «ቡሜራንግ» የተሰኘውን የጽሕፈት ጠረጴዛ መንደፉን ነው። ጠረጴዛው ከፋይበር ግላስ የተሠራ ሲሆን ማዕዘን የለውም፤ የሠራተኛውን ወንበር ከግራና ከቀኝ እንደ ክንድ ያቅፋል። ፕሬዚዳንት ዦርዥ ፖምፒዱ አንዱን ለቤተ መንግሥታቸው ወስደዋል። የዘመኑን የቤት ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬ ያንን ጠረጴዛ ለማግኘት በታላላቅ ጨረታ ቤቶች ይሽቀዳደማሉ። በአንበሳው ጥላ ሥር ግን እኛ ታክሲ እንጠብቃለን።

የንግግሬን ርእስ የሰማ አንድ ባልደረባዬ «በዚህ ክልል ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ወንበር?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ከቀዬው የተፈናቀለባቸውን ዓመታት ባሳለፈ ምድር ላይ የወንበር ወሬ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ የአሶሳን የሃያኛው ክፍለ ዘመን አስተዳደር ለማጥናት ፋይል ስፈልግ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ባዶ መደርደሪያ ነው። ወረቀቱን ምስጥ በልቶታል፤ ወይም መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ጠፍቷል። የቀረልኝ መደርደሪያው ራሱ ነበር። ስለዚህ መደርደሪያውን ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ ዕቃ ከነታሪኩ እንዲተርፍ የሚያደርገው ምን እንደሆነ የአፍሪካ አዳራሽ በጥሩ ሁኔታ ያሳየናል። አርቱሮ ሜዘዲሚ ሥራውን በአስመራ የጀመረ ጣሊያናዊ ነው። አዳራሹ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ተፈረመበት። የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት ሁሉም ያነሣዋል። መሪዎቹ የተቀመጡባቸውን ወንበሮች የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሜዘዲሚ የሕንጻውን የውስጥ ዕቃ ከሕንጻው ጋር አንድ አድርጎ ነው ያሰበው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከነባሩ ዕቃ የሚድነውን ማዳን ከእድሳቱ ዓላማዎች አንዱ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ወንበሮቹ ከሌሎች ስለሚያምሩ አይደለም። ባለቤቱ ስላልተለወጠ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው የህንዷ ቻንዲጋር ናት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌ ኮርቡዚዬ ከተማዋን ሲያንጽ፣ የአጎቱ ልጅ ፒየር ዣንሬ ለመሥሪያ ቤቶቿ ከቲክ እንጨት ወንበርና ጠረጴዛ ነደፈ፤ የአካባቢው ሠራተኞችም በብዛት ሠሩት። ወንበሮቹ ሲያረጁ በየጣራውና በየጓሮው ተከመሩ፤ መንግሥትም እንደ ቁራጭ እንጨት በጨረታ ሸጣቸው። የአውሮፓ ነጋዴዎች ገዝተው፣ አጽድተው፣ የንድፍ አውጪውን ስም ጠርተው በብዙ እጥፍ ዋጋ ሸጡ። የህንድ መንግሥት ዕቃው ቅርስ ነውና ይጠበቅ ብሎ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የዚያን ጊዜ ብዙው ወጥቶ ነበር። ልብ በሉ፤ በነዚያ ወንበሮች ላይ የተገኘው ዋነኛው የትክክለኛነት ማረጋገጫ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል በቀለም የጻፈው ቁጥር ነበር።

ወደ አሶሳ ልመለስ። ከዐሥር ዓመት በፊት በክረምት፣ በከተማችን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ዝናብ የሚመታው የወንበር ክምር አየሁ። እንዲወገድ ተወስኖበት በጥቅል የተሸጠ ነበር። ገዢዋ ሻይ ቤት ያላቸው እናት ናቸው።

«እማማ፣ አራቱን አይሸጡልኝም?» አልኳቸው።

«ለማገዶ ነው የገዛሁት፤ ማገዶዬን ከተካህልኝ ምን ገዶኝ ልጄ» አሉኝ። በሁለት ማዳበሪያ ከሰል ተስማማን።

ወንበሮቹ የዋንዛ ናቸው። ቤት ወስጄ ሳጸዳ አንደኛው ከመቀመጫው ሥር ሦስት ቁጥር ተደራርቦበት አገኘሁ። የታችኛው «ወ/ጠ/ግ» ይላል፤ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት። በላዩ «ወ/ክ/ሀ» ተጽፏል፤ ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ስለተባለ ነው። ሦስተኛው የዛሬው ክልል ነው። አሶሳ የወለጋ፣ መተከል የጎጃም እንደነበሩ ለተማሪ በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ አንድ ጸሐፊ ሦስቱን መንግሥታት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዳሳለፋቸው ግን የሚያሳየው ይህ ቀለም ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ክልል ተመሠረተ፤ ንብረት ክፍሉ ብሩሽ አንሥቶ ቁጥር ቀየረ። ወንበሩ ሲገባ ሞዴል 19 ተቆርጦለት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ እየፈለግሁት ነው፤ ካገኘሁት የሠራውን አናጺ ወይም ድርጅት ስም አውቃለሁ።

የሠሪው እጅ ግን ይታያል። መጋጠሚያዎቹ ሚስማር የላቸውም፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገብቶ በእንጨት ችንካር ተይዟል። መቀመጫው አሁን ኮምፔንሳቶ ነው፤ በክፈፉ ዙሪያ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ቀድሞ በጠፍር የተወጠረ እንደነበር ይመሰክራሉ። ይህ የጠፍር ነገር ሩቅ ይወስደናል። በድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ዐንገረብ የሚሉት፣ በወዲህኛው ወገንም የሚታወቀው፣ አራት እግር ያለው በገመድ ወይም በቆዳ የተወጠረ አልጋ፣ መሰሉ በሱዳን ከርማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል። ዴንማርካዊው ሃንስ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1949 በነደፈው ዝነኛ ወንበር ላይ በወረቀት ገመድ መቀመጫ ሲሠራ፣ በመርሕ ደረጃ ከዐንገረብ ሠሪው የተለየ ነገር አላደረገም፤ ልዩነቱ የእሱ ስም መመዝገቡ ነው።

በዚህ ክልል ላይ ስለ ቀርከሃ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። የአገራችን የቆላ ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ አብዛኛው የሚበቅለው እዚሁ ነው፤ ግንዱም እንደ ደጋው ክፍት ሳይሆን ድፍን ነው። ፈረንሳዊቷ ሻርሎት ፔሪያን እ.ኤ.አ. በ1940 በጃፓን መንግሥት ተጋብዛ ቶኪዮ በሄደች ጊዜ፣ ቀድሞ ከብረት ቱቦ የተሠራውን የታወቀ መጋደሚያ ከቀርከሃ አድርጋ እንደገና ነድፋለች። የጃፓኑ ሥራ ዛሬ በመጻሕፍት አለ። በንጉሡ ወይም በደርግ ዘመን የተሠራ አንድ የአሶሳ ቀርከሃ ወንበር አሳዩኝ ብትሉኝ ግን አላሳያችሁም። ቀርከሃ በውስጡ ስታርች ስላለው፣ በወጉ ካልታከመ ነቀዝ በጥቂት ዓመታት ዱቄት ያደርገዋል። ስለዚህ የእኔ አነስተኛ ስብስብም ያዳላል፤ የቢሮውን ዋንዛ ይዞ የገበሬውን ቀርከሃ ጥሏል። ይህን ሳልናገር ብቀር ስለ አሶሳ የተቀማጭ ታሪክ ግማሹን ብቻ እንደ ሙሉ አድርጌ ባቀረብኩ ነበር።

ሁሉም አሮጌ ወንበር ቅርስ ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኛው እንጨት ነው፤ ይቃጠል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስን ሲተረጉም የሥነ ጥበብንና የእጅ ሥራን ዋጋ ይጨምራል፤ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎቻችን ደግሞ ይህን አዋጅ ከፊታቸው አድርገው ሲሰበሰቡ አላየሁም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ስንት ጊዜ «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ እንደተሸጠ ሳስብ ይቆጨኛል። ሠሪው ይታወቅ ነበር፤ መንደሩ ያውቀው ነበር፤ የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው ግን አልነበረም። እኔ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ዕቃው ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ተማሪ ካሜራና ደብተር ይዞ ይግባ፤ ቁጥሩን ይገልብጥ፣ መጋጠሚያውን ያንሣ፣ በሥራ ላይ ያሉትን አንጋፋ የንብረት ሠራተኛ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ ቆራሌው ይውሰደው።

ከመድረኩ በስተግራ የምታዩት ወንበር ከአራቱ አንዱ ነው። ሊቀመጥበት የሚፈልግ ይቀመጥ፤ ይችላል። ቁጥሮቹን ለማንበብ ግን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ ስትገለብጡት የኋላ ግራ እግሩን ተጠንቀቁ፣ ምስጥ ጀምሮታል።