የሽቦው ባለቤት ማን ነው? ከምኒልክ ስልክ እስከ ፍኖተ ሰላም ዝምታ

የሀገራችን ልሂቃን ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር ማወዳደር ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን መንገድ በአርአያነት አንሥቷል። የ1931 ሕገ መንግሥታችንም ከሜጂው ሕገ መንግሥት ብዙ ተውሷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው «እነርሱ የት ደረሱ፣ እኛ የት ቀረን» በሚል ቁጭት ነው። ቁጭት ግን ታሪክ አይደለም። ዛሬ ከዚያ ሰፊ ንጽጽር አንዲት ቀጭን ነገር ብቻ መዝዤ ላውጣ፤ የስልክ ሽቦን።

ጃፓን በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል ለሕዝብ የሚያገለግል የስልክ ማዞሪያ የከፈተችው በ1890 ነው። የኢትዮጵያ የቴሌኮም ታሪክ የሚቆጠረው ደግሞ ከ1894 ጀምሮ ነው። ልዩነቱ አራት ዓመት ነው! አራት ዓመት በታሪክ ሚዛን ኢምንት ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «ዘግይተን ጀመርን» የሚለው ማመካኛ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ሽቦው ወደ ማን ተዘረጋ? ጫፉንስ የያዘው ማን ነው?

ሽቦው ወደ ማን ሄደ?

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር ያሠሩት በብዙ ተቃውሞ መካከል ነው። ሰው በሌለበት የሚናገረውን ዕቃ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳወገዙት በትውፊት ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተበገሩም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የመስመሩን ዓላማ እናስተውል። የተዘረጋው ቤተ መንግሥቱ ከጠረፍ እንዲሰማ፣ ለአገረ ገዢውም እንዲያዝ ነበር። ባላገሩ በሽቦው ሥር ያልፋል እንጂ በሽቦው አይናገርም። በዚያ ዘመን በብዙ አገሮች እንዲሁ ስለነበር በዚህ ምኒልክን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የሚያስወቅሰው ዓላማው መቶ ዓመት ሳይለወጥ መቆየቱ ነው።

ኢትዮጵያ በ1932 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ በ1951 ለቴሌኮሙኒኬሽን የተፈቀደው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የሚያስገርመው፣ ጃፓንም የቴሌግራፍና የስልክ ሥራዋን ከሚኒስቴር አውጥታ ለአንድ የመንግሥት ድርጅት ያስረከበችው በዚያው በ1952 ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ዓመት ተመሳሳይ መንገድ ያዙ ማለት ነው። የጃፓኑ ድርጅት ግን በ1978 ስልክ ጠይቆ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ እስከማይቀር ድረስ አገሩን በሽቦ አለበሰ። የእኛው ቦርድ ባለሙያ ያሠለጠነ፣ ለዘመኑ ሥርዓት ያለው ተቋም ቢሆንም ስልኮቹ በአብዛኛው በአዲስ አበባና በአስመራ ተከማቹ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ቦርዱ ስሙን ቀየረ፤ በ1981 ባለሥልጣን፣ በ1996 ኮርፖሬሽን፣ በ2010 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ ሲለዋወጥ ባለቤቱ አልተለወጠም። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በሊበንና በአካባቢው ለሚኖር ገበሬ ስልክ ማለት ከተማ ውስጥ ያለ ቢሮ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጁን ድምፅ ለመስማት በገበያ ቀን ወደ ከተማ በእግሩ ይወጣል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ከተሳካለት ጥቂት ደቂቃ ተነጋግሮ ይመለሳል።

ኢንተርኔት ሲገባ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ይመላለስ የነበረው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በነበረው ፓዲስ በተባለ የመረጃ ክፍል በኩል ነው። መልእክቱ ይጠራቀምና በስልክ መስመር በአንድ ጊዜ ይላካል። በ1995 ምሁራንና ባለሙያዎች ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተሰባስበው መከሩ። አገልግሎቱም በጥር 1997 በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ተጀመረ።

በጃፓን በዚያው ሰሞን የሆነውን እንመልከት። መንግሥት የስልክ ድርጅቱን በ1985 ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ለውጦ ገበያውን ለሌሎች ከፍቶ ነበር። በታኅሣሥ 1992 ጥቂት መሐንዲሶችና ነጋዴዎች ቶኪዮ ውስጥ «አይ አይ ጄ» በሚል ምህጻር የሚታወቀውን የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያ አቋቋሙ። ሚኒስቴሩ «ገንዘባችሁ አይበቃም፣ ዋስትና አምጡ» እያለ ከአንድ ዓመት በላይ አጉላላቸው፤ የፈለጉትን ሙሉ ፈቃድ ያገኙት በ1994 ነው። ቢሮክራሲ በጃፓንም ቢሮክራሲ ነው! ፈቃዱ ሲገኝ ግን ኩባንያው ከትልልቅ ድርጅቶች እስከ ሌሎች አቅራቢዎች ድረስ መስመር እያከራየ አደገ፤ በ1999ም በአሜሪካው ናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ነባሩ የስልክ ድርጅት የመዳብ ሽቦውን ለተፎካካሪዎቹ እንዲያከራይ በሕግ ተገደደ። በ2001 አዲስ ተወዳዳሪ በዚያ ሽቦ ላይ ፈጣን ኢንተርኔት በርካሽ ማቅረብ ሲጀምር ዋጋው ወደቀ። የጃፓን ምሥጢር ብልሃት ያለው መሣሪያ ብቻ አልነበረም። ሽቦውን የዘረጋው ድርጅት በሽቦው ላይ ብቻውን እንዳይነግሥ የሚከለክል ሕግ መኖሩ ጭምር ነው።

በእኛ አገር በ1996 አዋጅ የቁጥጥር ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር። ዳኛው ተሾመ ማለት ነው፤ በሜዳው ላይ ግን የነበረው ተጫዋች አንድ ብቻ ነው። ሞባይል በ1999 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሲም ካርድ ማግኘት የክብር ምልክት ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔትና ስኩልኔት መጡ። ስኩልኔት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» ተብሎ የሚታወሰውን ትምህርት አመጣ። ወረዳኔት ሚኒስትሩን ከወረዳ ሹም ጋር በምስል አነጋገረ፤ የጉዞ ወጪና ድካም እንዳስቀረ አይካድም። አቅጣጫው ግን የምኒልክ ሽቦ አቅጣጫ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች።

ፍትሐዊ ለመሆን ከዚያ በኋላ የመጣውንም መመስከር ይገባል። በ2006 ዜድ ቲ ኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከዜድ ቲ ኢና ከሁዋዌ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ። ምሰሶ ያልደረሰበት ገጠር በአየር ሞገድ ተዳረሰ። ያ በገበያ ቀን በእግሩ ይወጣ የነበረ ገበሬ ዛሬ ማሳው ዳር ቆሞ የበቆሎና የበርበሬ ዋጋ ይጠይቃል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2025 ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል፤ በ2021 በተጀመረው ቴሌብር የሚጠቀሙትም ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ይህ እውነተኛ ዕድገት ነው። የመንግሥት ሞኖፖሊ ምንም አልሠራም የሚል ሰው ቁጥሩን አላየም።

ማጥፊያው

መስመሩ በሰፋ ቁጥር ግን ማጥፊያውም አብሮ ሰፋ። ከ2005ቱ ምርጫ ውዝግብ በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው በ2007 ነው፤ ሁለት ዓመት! በ2006 የጡመራ ገጾች መታገድ ጀመሩ። በ2012 የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ወጣ። በ2016 የሞባይል ኢንተርኔት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተዘጋ። በ2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ «ዘመኑ አለፈ» ያልን ብዙዎች ነበርን። ሆኖም በሰኔ 2019 ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ፣ በ2020 ክረምት ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። ትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ከዓለም ተቆረጠች። በነሐሴ 2023 ተራው የአማራ ክልል ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ።

በዚያው ነሐሴ፣ በ13ኛው ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የድሮን ጥቃት ነው በተባለ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነች ከተማ! በሰላሙ ጊዜ አንድ የመኪና አደጋ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ በየስልኩ ይደርሳል። ያን ዕለት ግን ከተማዋ ያየችውን በምስል ለማሳየት የምትችልበት መስመር ዝግ ነበር። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያለ ዘመድ የወገኑን ዕጣ የሚያጣራው በተቆራረጠ የድምፅ ጥሪና በወሬ ነበር። መስመር ሲዘጋ እውነት ይታፈናል፤ ወሬ ግን አይታፈንም። እንዲያውም ይባዛል፤ የሚያስተባብለው የለምና።

ውድድሩ ምን ፈታ?

በ2019 በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ሞኖፖሊው በሕግ አበቃ። በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራ ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዛ፤ ከባለድርሻዎቹ አንዱ የጃፓኑ ሱሚቶሞ ነው። ታሪክ ቀልደኛ ናት! በ2022 ኩባንያው ሥራ ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2024 መጨረሻ 10 በመቶ ድርሻውን ለዜጎች ለሽያጭ አቀረበ፤ የተሸጠው ግን ከቀረበው እጅግ ያነሰ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም የነሐሴ 2023 ዝምታ የመጣው ሁለተኛው ኩባንያ ሥራ ከጀመረ በኋላ መሆኑን እናስተውል። ተወዳዳሪ መኖሩ ዝምታውን አላስቀረም። ምክንያቱም «የሽቦው ባለቤት ማን ነው» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው ትርፉን የሚወስደው ማን ነው የሚል ነው፤ እርሱን ገበያው መመለስ ጀምሯል። ሁለተኛው መስመሩን የመቁረጥ ሥልጣን የማን ነው የሚል ነው። ይህን ገበያ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ሕግ ብቻ ነው።

«በጦርነት ጊዜ መስመሩ ለጥፋት ይውላል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ባዶ መከራከሪያም አይደለም። ነገር ግን የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ የሚደረጉ ግንኙነቶችን ከመደፈር ጠብቋል። በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመጠየቅ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነትን አረጋግጧል። መብትን መገደብ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ካለ፣ ገደቡ በጽሑፍ ይታዘዝ፣ ለሕዝብ ይነገር፣ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፣ ፍርድ ቤትም ይመርምረው። ሆስፒታልና ባንክ ከመቆረጥ ይጠበቁ። ዛሬ ገንዘባችን ሳይቀር በስልካችን ውስጥ ነው፤ አንድ ክልል ሲዘጋ የሚዘጋው ወሬ ብቻ ሳይሆን ገበያ፣ ሕክምናና ትምህርት ነው።

አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ የኢንተርኔትን ድር አላሰቡትም። ድሩ አሁን ሊበን ገጠር ድረስ ደርሷል። የዘረጉትን መንግሥታት በሠሩት ልክ እናመስግናቸው። ነገር ግን ዜጋው በአንድ የስልክ ትእዛዝ ከድሩ እንዳይቆረጥ የሚከላከልለት ሕግ እስካልወጣ ድረስ፣ ያለን ኢንተርኔት ዓይነቱ ቢዘምንም ባሕርይው የ1894ቱ ሽቦ ነው። ላይኛው ሲሻው ይናገርበታል፤ ታችኛው ሲፈቀድለት ይሰማበታል።

ቸር ያሰማን።