የብዙዎች እጅ ያረፈበት ትርጕም

ኮምፒዩተር በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚያዝ ከሆነ፣ ያን ቋንቋ ያልተማረ ሰው በደጅ መቅረቱ የታወቀ ነው። ውክፔዲያ የተሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌር በመጀመሪያ ዘመኑ ትርጕሙ በፕሮግራሙ መዛግብት ውስጥ ይጻፍ ስለ ነበር፣ ተርጓሚው ከቋንቋ ዕውቀት በላይ ሌላም ሙያ ይፈለግበት ነበር። ኒክላስ ላክስትሮም የተባለው ፊንላንዳዊ ቤታዊኪ ያለውን ድረ ገጽ ጀመረ፤ ይኸውም በኋላ ትራንስሌትዊኪ ተባለ። በዚህም ማናቸውም በጎ ፈቃደኛ ቃላቱን አንድ በአንድ ሊተረጕም፣ ሌላውም ሊያርም ቻለ። የቃሉንም አገልግሎት የሚገልጽ ማስታወሻ በአጠገቡ ይጻፋል።

ይህ ማስታወሻ ትንሽ ነገር አይምሰለን። «ኦፕን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ቢቀርብልን፣ «ክፍት» ማለት ነውን ወይስ ትእዛዝ? ትእዛዝስ ቢሆን «ክፈት» እንበል፣ «ክፈቺ» ወይስ «ይክፈቱ»? እንግሊዝኛ ሳይለይ የሚያልፈውን ጾታና አክብሮት አማርኛ ግድ ይጠይቃል። ስለዚህም ሶፍትዌሩ ተጠቃሚው እንደ መረጠው ጾታ የሚለዋወጥ አጻጻፍ ተበጅቶለታል።

ፊደላችን በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወደ ዩኒኮድ ሲገባ መንገዱ ተከፈተ። ፊደል ግን ዕቃ ነው፤ ቃሉን የሚመርጠው ሰው ነው። እኛ ቋንቋውን የምናውቅ ከሥራው ብንርቅ፣ የማያውቅ ይመርጥልናል፤ ልጆቻችንም ያንኑ ቋንቋችን ነው ብለው ይማሩታል።