ግዳይ

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ሰርጉ ሲደምቅ ፎካሪው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ «ገዳይ!» እያለ ይንጎራደዳል። ገዳይ አድራጊው ነው፤ ግዳይ ደግሞ የወደቀው አውሬ። ሁለቱም «ገደለ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። ሆኖም በግ ያረደ ሰው «ግዳይ ጣለ» አይባልም። ቃሉ ክብር ያለበት፣ ጀግንነት የሚጠይቅ አደን ይፈልጋል።

ግዳይ ምስክርም ይፈልጋል። በድሮ ጊዜ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ ነበር፤ ዝሆን የገደለም ጅራቱን ይዞ ይገባ ነበር። ዛሬ በፈቃድ የሚያድን ሰው ምስክሩ ቀንድ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን እንውሰድ። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ የወንዱ ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ ሜትሩ ጥምዝምዙን እየተከተለ ከሥር እስከ ጫፍ ይለካል። ርዝመት ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሸመገለው ወንድ ጫፉ ተፍቆ ሊያጥር ይችላል። ሥሩ ወፍራም መሆኑን፣ አንገቱ መደንደኑን ማየት ያስፈልጋል። ዘሩን ተክቶ የጨረሰውን ሽማግሌ ከጎረምሳው መለየት የአዳኝ ዋናው ዕውቀት ነው።

የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል። ያለ ፈቃድ የተገደለ ሚዳቋ፣ በወጥመድ የተያዘች እርጉዝ ድኩላ ግዳይ ሊባሉ አይገባም። ለዚያ ትክክለኛው ቃል ጥፋት ነው።