የመንግሥት አቅርቦት ውል ክርክር ወደ ግልግል ዳኝነት የሚመራበት ሥርዓት

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዕቃ አቅራቢ ጋር ሲከራከር በውሉ የግልግል ስምምነት መኖሩ ብቻውን ጉዳዩን ከፍርድ ቤት አያወጣውም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 315 የአስተዳደር ውሎች በግልግል እንዳይታዩ ከልክሎ ነበር። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም የአስተዳደር ውል በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ለግልግል እንደማይቀርብ ደንግጓል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የአቅርቦት ውልን በአስተዳደር ውሎች ርዕስ ሥር አካትቶታል። በአንቀጽ 3132 መሠረት አንድ ውል የአስተዳደር ውል የሚሆነው በሕግ ወይም በተዋዋዮቹ እንዲህ ሲሰየም፣ አለያም ከሕዝብ አገልግሎት ጋር ያለው ትስስር ወይም የያዛቸው ልዩ ድንጋጌዎች ይህን ሲያሳዩ ነው። በመሆኑም መንግሥት የሚዋዋለው ሁሉ የአስተዳደር ውል አይደለም።

የግልግል ስምምነት ያለበት ጉዳይ በክስ ሲቀርብ ተከሳሹ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ማንሳት ይኖርበታል። በወቅቱ ያልቀረበ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ የጸና፣ ጉዳዩም ለግልግል የሚፈቀድ ሆኖ ሲያገኘው ተከራካሪዎቹን ወደ ግልግል ይመራል። ጉዳዩ በሕግ የተከለከለ ከሆነ ግን ክርክሩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይቀጥላል።

የግልግል ዳኞች ሥልጣን በሌላቸው ጉዳይ የሰጡት ውሳኔ ሊሻር ስለሚችል የመሥሪያ ቤቱ ጊዜና ወጪ ይባክናል። ስለሆነም የግዥና የሕግ ክፍሎች የውሉን ዓይነትና ግልግልን የሚፈቅደውን ሕግ ከፊርማ በፊት ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።