በጆሮ የሚለወጥ ማርሽ

የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ሄንሪ ዴግራንጅ ማርሽ መቀየሪያ የሚባል ነገር አይወድም ነበር። እሱን ብትጠይቁት፣ ማርሽ ዕድሜው ከአርባ አምስት ላለፈ ሰው ነው፤ ጎረምሳ ዳገቱን በጡንቻው ይውጣ። ይህን የጻፈው በ1902 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት 240 ኪሎ ሜትር በሆነ የተራራ መንገድ ላይ በተደረገ ፍተሻ፣ ማርት ሄስ የተባለች ሴት ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ይዛ፣ ባለ አንዱን የያዘውን ኤዱዋር ፊሸርን ቀድማው ነበር። ሴንት ኤትየን ከተማ ላይ መጽሔት የሚያሳትመው ፖል ደ ቪቪ፣ በብዕር ስሙ ቬሎስዮ፣ ስለ ማርሽ ሲሟገት ዕድሜውን ፈጅቷል። ዴግራንጅ ግን ማስረጃ አይቶ የሚለዝብ ሰው አልነበረም። የቱሩ ዋና ዋና ተወዳዳሪዎች መቀየሪያ የተፈቀደላቸው በ1937 ነው።

እስከዚያ ድረስ የኋላው ጎማ በግራም በቀኝም ጥርስ ነበረው፤ አንዱ ለሜዳ፣ አንዱ ለዳገት። ተወዳዳሪው ተራራው ሥር ሲደርስ ይወርዳል፤ ብሎኑን ይፈታል፣ ጎማውን ገልብጦ ይገጥማል፣ ሰንሰለቱን ወጥሮ ያጠብቃል። ጫፍ ላይ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። በኋላ የብስክሌት ዕቃ ድርጅት ያቋቋመው ጣሊያናዊ ቱልዮ ካምፓኞሎ በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባል ተራራ ላይ በውድድር ሳለ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ብሎኑ አልፈታ አለውና ለዚህ መላ ሊያበጅ ማለ ይባላል። የድርጅቶች የትውልድ ታሪክ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀባባል፤ ይህኛውንም ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ጎማን ያለ መፍቻ፣ በአንዲት እጀታ የሚፈታው ዘንግ ግን ከዚህ ሰው ስም ጋር ቀርቷል።

ቀጥሎ ያመጣው መቀየሪያ፣ ካምቢዮ ኮርሳ፣ ዛሬ ሲያዩት የእብድ ሥራ ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ከኮርቻው ሥር ወደ ኋላው ጎማ ይወርዳሉ። ብስክሌተኛው እየነዳ እጁን ከጭኑ ኋላ ይልካል፤ በአንዱ ዘንግ ጎማውን ያላላል፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞረ በሌላው ሰንሰለቱን ይገፋል፤ ከዚያ መልሶ ያጠብቃል። በሩጫ መሀል የኋላ ጎማ መፍታት ማለት ነው። ጂኖ ባርታሊ የ1948ቱን ቱር ያሸነፈው በዚህ ነበር።

ሽቦ የሚስበው መቀየሪያ በውድድር ብስክሌት ላይ ጠቅልሎ የገባው በ1950ዎቹ ነው። እጀታዎቹም ፊት ለፊት ወደ ታች በሚወርደው የቴላዮ ቧንቧ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ተቀመጡ። ቦታው ለእጅ አይመችም፤ ነገር ግን ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ብዙም አይለጠጥም፣ ክብደትም አይጨምርም።

አጎቴ ኮርስ ብስክሌት የተማረው አስመራ፣ በዚህ ዓይነቱ እጀታ ነው። ከተማዋ ውስጥ ውድድርን ጣሊያኖች ተክለውት ነበር፤ ጂሮ ደ ኤርትራ በ1946 ተጀምሯል። ኢትዮጵያም በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች ስታሰልፍ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። አጎቴ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ማርሽ ግን ያውቅ ነበር፤ ሲያስተምረኝም መጀመሪያ ዓይኔን ነው የከለከለኝ። «አንተ ልጅ፣ ጥርሱን አትይ፤ መንገዱን እይ። ሰንሰለቱን ስማው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀኙን እጀታ ወደ ራስህ ስትስብ ሰንሰለቱ ከኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል፤ ፔዳሉ ይቀላል። የግራውን ስትስብ ደግሞ ከፊት ወደ ትልቁ ይወጣል፤ ፔዳሉ ይከብዳል። ይህ ተቃራኒነት ጀማሪን ሁሉ ያደናግራል። በዚያ ላይ እጀታው እርከን የለውም፤ የተውክበት ቦታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከሚበቃው ትንሽ አሳልፈህ ትስባለህ፤ ሰንሰለቱ ሲዘል፣ ማንገራገሩ እስኪጠፋ ድረስ በጣትህ ጫፍ ትመልሰዋለህ። ሲቀየር ፔዳሉ መዞር አለበት፤ ሆኖም እግር ቀለል ማለት አለበት። የተጫነ ሰንሰለት አይሻገርም።

አጎቴ አጥብቆ የሚይዘው ይህን የመጨረሻውን ነበር። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከጊንዳዕ በኋላ ኩርባው አያልቅም። እዚያ እግር እስኪዝል የጠበቀ ሰው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ታች ሲልክ ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ ሰንሰለቱም እንቢ ይላል። ኩርባው ገና ከሩቅ ሲታይ መቀየር ነው። እጀታውን የምትይዘው ብሎን ከላላች ደግሞ የመቀየሪያው ሞላ ሽቦውን መልሶ ይስበዋል፤ ሰንሰለቱም በዳገት መሀል ሳይታዘዝ ወደ ትንሹ ጥርስ ይወርዳል። አጎቴ ከመነሳቱ በፊት ብሎኗን በጣቱ ጠበቅ ሳያደርግ ሄዶ አያውቅም።

በ1984 የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እያንዳንዱ ማርሽ ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆም እጀታ አወጣ፤ በ1990 ደግሞ መቀየሪያውን ከፍሬኑ ጋር አጣምሮ መሪው ላይ ሰቀለው። በጆሮ መቀየር ከውድድር የወጣው ያኔ ነው። ትልቅ ማቅለል ነው፤ እጅ ከመሪው ሳይነሳ፣ ከኮርቻ ተነስቶ እየረገጡም ይቀየራል። ዴግራንጅ በሕይወት ቢኖር ይህንንም ለሽማግሌ ይለው ነበር።

ቀጭ የሚለው እጀታ ግን የሚስማማው በልኩ ከተሠራ የኋላ ጥርስ ጋር ብቻ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት በትንሹ ከተለየ ማርሹ ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ ሺማኖ ራሱ የቴላዮው እጀታ ላይ እርከኑን ማጥፊያ ትንሽ ቀለበት ተወ። የአሮጌው እጀታ ባለቤት ይህ ጣጣ የለበትም። አምስት ጥርስም ይሁን ሰባት፣ የጣሊያንም ይሁን የጃፓን፣ ከየቦታው ለቃቅሞ ይገጥማል፤ ልኩን የሚያበጀው እሱ ነው።